በሦስት ቅጠል የተጻፈ ዘመን

ባለፈው ማክሰኞ ለዓይን ምርመራ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አሌክሳንድሪያ በሜትሮ ሄድኩ። ሐኪሙ የሚጨምርልኝ ጠብታ ዓይኔን ስለሚያደበዝዘው ራሴ መንዳት አልችልም። ቀዩን መስመር ትቼ ቢጫውን ያዝኩ። ባቡሩ ከመሬት ውስጥ ብቅ ብሎ የፖቶማክን ወንዝ ሲሻገር የጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጭኔ ላይ ተኛች። እንቅልፍ ይሁን ሐሳብ አላውቅም፣ ብቻ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ቆይቶ በድምፅ ማጉያው «ኪንግ ስትሪት» ሲባል ሰማሁ። ስሙን ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። የዚያን ቀን ግን «ንጉሥ» የሚለው ብቻውን ተነጥሎ ጆሮዬ ውስጥ ቀረና አንድ ቀጭን ሽማግሌ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሲስቁ ታየኝ። «ንጉሥ በሌለው አገር፣ በንጉሥ መንገድ እኖራለሁ!» ይሉ ነበር።

አፖይንትመንቴ ገና ስለነበር ከባቡሩ ወርጄ ጣቢያው ውስጥ አንድ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ቀን ቀን እዚሁ አሌክሳንድሪያ የአንድ የቲቤት ሽማግሌ ሆም ኤይድ ሆኜ እሠራለሁ፣ ከሥራ በኋላ ኮሌጅ እማራለሁ። ስማቸው ተንዚን ነው። ልጃቸው ፔማ ግን በቋንቋቸው «ፓላ» ትላቸው ነበር፤ አባዬ እንደማለት ነው። እኔም ሳላስበው ፓላ ማለት ጀመርኩ። ፔማ ነርስ ስለነበረች ጠዋት ትወጣለች፤ የእኔ ሥራ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ መስጠት፣ ምሳቸውን ማቅረብና ከሰዓት በኋላ ወደ ወንዙ ዳር ይዣቸው መውጣት ነበር። ጉልበታቸው ደክሞ ነበር እንጂ የሚረሱት ነገር አልነበረም። በወጣትነታቸው የአገራቸው መንግሥት ጸሐፊ ነበሩ። አገሩ ሲገለባበጥ ተራራውን በእግራቸው አቋርጠው ሕንድ ገቡ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ልጃቸው ወደዚህ አመጣቻቸው።

ወንዙ ዳር ተቀምጠን ጀልባዎቹን እያየን የነገሩኝ ታሪክ እስከ ዛሬ በሕልሜ ይመጣል። የመጀመሪያዎቹ ነገሥታታቸው ከሰማይ የወረዱት በገመድ ነው አሉኝ። ከአናታቸው ተነሥቶ ወደ ላይ የሚዘረጋ የብርሃን ገመድ። የንጉሡ ልጅ አድጎ ፈረስ መጋለብ ሲችል አባትየው በገመዱ ተመልሶ ወደ ሰማይ ይወጣል። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ። አንድ ቀን ግን አንድ ትዕቢተኛ ንጉሥ ከገዛ አገልጋዩ ጋር ሰይፍ ተማዘዘ። ሰይፉን ከራሱ በላይ ሲያወናጭፍ ገመዱን በጠሰው። ከዚያ ወዲህ ነገሥታቱ እንደ ማንኛውም ሰው መሬት ላይ ቀሩ።

«ገመዱ ከተበጠሰ በኋላስ?» አልኳቸው።

«ያኔ ነዋ ንጉሥ ሃይማኖት መፈለግ የጀመረው» ብለው ሳቁ።

የእኔ አባት ቢሰሙ በዚህ አይስቁም ነበር። አባባ፣ አቶ አስፋው፣ በጃንሆይ ዘመን ቤተ መንግሥት ውስጥ ጸሐፊ ነበሩ። እናቴ ከሞተች በኋላ እሳቸውና እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ አንዲት ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ውስጥ እንኖር ነበር። እሳቸው አንድ ቤተ መጻሕፍት ቤዝመንት ውስጥ የተቀዳደዱ መጻሕፍት ይጠግናሉ። ሥራውን ይወዱታል፤ ማንም አያናግራቸውማ። ለአባባ ንጉሥና ቤተ ክርስቲያን አንድ አካል ነበሩ። ንጉሡን ጳጳስ ቀብቶ ያነግሠዋል፣ ንጉሡ ቤተ ክርስቲያንን ይጠብቃል፣ በቅዳሴ ስሙ ይነሣል። እዚህ እንደመጣን ሐበሾች በተከራዩት አዳራሽ ቅዳሴ ሊያስቀድሱ ሄዱ። የንጉሡ ስም የሚነሣበት ቦታ ሲደርስ ካህኑ ስሙን ሳይጠራ አለፈ። አባባ ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ፤ ከዚያ በኋላ አልተመለሱም። ጠዋት ጠዋት ዳዊታቸውን መስኮት ሥር ቆመው ይደግማሉ፣ ይኸው ነው።

በዚያ ዓመት ፍቅረኛዬ ግርማ ሽማግሌ ልኮ ጠየቀኝ፤ አባባም ፈቀዱ። ሠርጉ በጥር፣ በተክሊል እንዲሆን ተወሰነ። አንድ እሑድ ቁርስ ላይ ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅኳቸው።

«አባባ፣ በሠርጌ ቀን ቤተ ክርስቲያን ይገባሉ አይደል?»

«በሩ ላይ እቆማለሁ። ስትገቢ እመርቅሻለሁ፤ ስትወጪም እመርቅሻለሁ።»

«መካከሉስ?»

«መካከሉን እግዚአብሔር ያውቃል» አሉና ሻያቸውን አማሰሉ። ስኳር አልጨመሩበትም ነበር።

መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ። እናት የለኝ፤ ያለኝ አንድ አባት ነው፣ እሳቸውም በር ላይ ሊቆሙ።

በነሐሴ መጨረሻ ዝናቡ ጠንክሮ የፔማ ቤዝመንት ውሃ ገባበት። ጠዋት ስደርስ ሳሎኑ ሌላ ቤት መሰለኝ። ረዣዥም ጠባብ ወረቀቶች ሶፋው ላይ፣ ደረጃው ላይ፣ የልብስ ማድረቂያው ላይ፣ የመስኮቱ ደፍ ላይ ተዘርግተዋል፤ በነጠላ ቅጠል የተጻፈ፣ በሁለት ሳንቃ መካከል ታስሮ በጨርቅ የሚጠቀለል የአገራቸው መጽሐፍ ነበር። ነፋስ ሲገባ ሁሉም በአንድ ጊዜ ትንሽ ከፍ ይልና ይወርዳል፤ ቤቱ በሙሉ የሚተነፍስ ይመስል ነበር። ፓላ መካከል ላይ በካልሲያቸው ቆመው ለመራመድ ፈርተዋል። ከአገራቸው ይዘው የወጡት ይህን ብቻ ነበር።

«አባቴ መጽሐፍ ይጠግናሉ» አልኩ ሳላስብ።

አባባ ግን እሺ አላሉም። «የጣዖት መጽሐፍ እጄ አይነካም» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ሁለት ቀን ነገሩን ተውኩት። በሦስተኛው እራት ላይ እንደ ዘበት፣ «የነገሥታት ታሪክ ነው እኮ» አልኳቸው።

ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ታሪከ ነገሥት?»

«ከመጀመሪያው ንጉሥ ጀምሮ።»

«ይህን ለምን ቀድመሽ አትነግሪኝም?»

የዕረፍት ቀናቸው ረቡዕ ነበር። በመስከረም የመጀመሪያው ረቡዕ ሙጫቸውን፣ ስስ የጃፓን ወረቀታቸውንና ብሩሾቻቸውን በአሮጌ ሳምሶናይት ይዘው አብረውኝ መጡ፤ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው። ፓላም በሩ ላይ ሐር እጀ ጠባባቸውን ለብሰው ጠበቁን። ሁለቱ እጅ ሲነሣሡ ማን ቀድሞ ቀና ይበል ብለው በጣም ቆዩ። ፔማ ለእንግዳ ብላ ቅቤና ጨው የገባበት ሻይ አፍልታ ሄዳ ነበር። አባባ ጽዋውን አሽትተው ወደ እኔ ዞሩ። «ቅቤ አለበት፤ ዛሬ ረቡዕ ነው።»

ለፓላ ጾም መሆኑን ነገርኳቸው። ምንም አልመሰላቸውም። ጽዋውን ራሳቸው አነሡ፣ ትኩስ ውሃ አመጡ፣ ከቁም ሳጥን አንድ የጨርቅ ከረጢት አውጥተው አባባ ፊት አኖሩ። አባባ ጣታቸውን ከተው ዱቄቱን ቀመሱና ዓይናቸው ፈጠጠ።

«ምሕረት! በሶ እኮ ነው!» ብለው በስሜ ጠሩኝ።

በሶ ነበር። የተቆላ ገብስ፣ ተፈጭቶ። እዚያም መንገደኛ ይዞት የሚሄደው፣ መነኩሴውም ገበሬውም የሚበላው እሱ ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች በሳህን እየለወሱ፣ ጣታቸውን እየላሱ ሲበሉ እኔን ረሱኝ።

ከዚያ ረቡዕ ረቡዕ ሆነ። የአሌክሳንድሪያ ዛፎች ቀልተው ቅጠላቸው በጡብ መንገዱ ላይ ሲረግፍ፣ እኛ ቤት ውስጥ የወረቀት ቅጠል እናነሣለን። አባባ ይጠግናሉ፤ ፓላ የጠገኑትን ያነባሉ፣ በእንግሊዝኛ ይነግሩኛል፣ እኔ በአማርኛ እመልሳለሁ። እንግሊዝኛው «ዩ» ብቻ ነው ያለው፤ እኔ ግን ሁለቱንም «እርስዎ» አደረግኳቸው። ባስተረጎምኩበት ሁሉ ደግነት የጨመርኩት እዚያ ላይ ብቻ ነው።

አባባ በጣም የወደዱት መነኮሳትን እጅግ ስላከበረው ንጉሥ የተጻፈውን ነበር። ንጉሡ ጠጉሩን ጎንጉኖ ረዥም የሐር ጥብጣብ ያስርበታል። ጥብጣቡ በግራና በቀኝ መሬት ላይ ይዘረጋል፣ መነኮሳቱም በላዩ ይቀመጣሉ። ንጉሡ እነሱ እስኪነሡ ድረስ ራሱን ማንቀሳቀስ አይችልም።

«እንዲህ ነው ንጉሥ!» አሉ አባባ። የእኛንም ነገሯቸው፤ ዘውዱን ለኢየሩሳሌም ልኮ የመነነውን፣ ቄስም ንጉሥም የነበሩትን። ፓላ በበኩላቸው እሳቸው በሠሩበት ዘመን አገሩን የሚገዛው መነኩሴ እንደነበረ፣ በየመሥሪያ ቤቱም አንድ መነኩሴና አንድ ተራ ሰው ጎን ለጎን ተሹመው እንደሚሠሩ ነገሩን። አባባ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። በመኪና ስንመለስ ድልድዩ ላይ፣ «ጨዋ ሰው ናቸው። ሃይማኖታቸው ሌላ ነው እንጂ ሥርዓት ያውቃሉ» አሉኝ።

በጥቅምት አጋማሽ ግን ነገሩ ተበላሸ። ወደ መጨረሻው ተቃርበን ነበር። ጥብጣብ ያስር የነበረው ንጉሥ ተገደለ። የነገሠው ወንድሙ ገዳማቱን ዘጋ፣ እሱም ተገደለ፣ አገሩም ተቆራረጠ። ፓላ ሦስት ቅጠሎች ብቻ ለይተው ጠረጴዛው ላይ አደረጉ።

«ከዚህ በኋላ ለብዙ ትውልድ አገሩን አንድ ያደረገ ንጉሥ አልነበረም። መጽሐፉ ለዚያ ሁሉ ጊዜ የሰጠው እነዚህን ሦስት ቅጠሎች ነው።»

«ሃይማኖቱም ጠፋ» አሉ አባባ፣ ለሌላ ሰው ሐዘን እንደሚደርስ ሰው።

«አልጠፋም። ያለ ንጉሥ ቆየ። እንዲያውም ከቀድሞው በርትቶ ተመለሰ።»

ይህን ስተረጉም ድምፄ እንደቀነሰ ይታወቀኛል። አባባ መነጽራቸውን አወለቁ። «ንገሪያቸው፤ የተቀባ ንጉሥ ሳይኖር የሚቆም ሃይማኖት እኔ አላውቅም። ንጉሥ የገደለ ሕዝብ ጸሎቱ ማን ዘንድ ይደርሳል?» ተነሥተው ብሩሾቻቸውን ሰበሰቡ። ሦስቱ ቅጠሎች ስላልተጠገኑ በካርቶን አድርገው ሳምሶናይታቸው ውስጥ ከተቷቸው፤ ሥራ ጀምረው አይተዉም። ፓላን እጅ ነሥተው ወጡ።

ሁለት ረቡዕ አለፈ። ፓላ በመስኮት ወደ መንገዱ እያዩ፣ «አባትሽን አሳዘንኳቸው» ይሉኛል። እኔ ደግሞ የሠርግ ጥሪ እያደልኩ፣ ቬሎ እየለካሁ፣ የአባቴን ወንበር ከፊት ላስይዝ ወይስ ልተወው እያልኩ ስጨነቅ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አባባን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አገኘኋቸው። ሦስቱ ቅጠሎች ተጠግነው ፊታቸው ተደርድረዋል። ማንበብ የማይችሉትን ፊደል በአጉሊ መነጽር ያያሉ።

«ይህ ጸሐፊ እጁ ጥሩ ነው» አሉ ቀና ሳይሉ። «እዚህ ጋ ግን ቸኩሏል። የሚጽፈው ንጉሥ ሲያጣ ቸኮለ።» ከዚያ አጉሊ መነጽሩን አስቀምጠው፣ «ሽማግሌውን ጠይቂልኝ፤ በዚያን ጊዜ ሃይማኖቱን የጠበቀው ማን ነው?» አሉኝ።

«ለምን ራስዎ አይጠይቁም?»

ኮታቸውን አመጡ።

ፓላ በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ስለተጣሉበት ነገር ማንም አላነሣም። ሻይ ቀረበ፤ ቅዳሜ ስለሆነ ይመስለኛል አባባ በቅቤው ጠጡ፣ ፊታቸው አንድ ጊዜ ጨምደድ ቢልም ጨረሱት። ጥያቄያቸውን ተረጎምኩ።

«ሦስት መነኮሳት» አሉ ፓላ። «ገዳማቱ ሲዘጉ መጻሕፍቱን በበቅሎ ጭነው ሸሹ። ሩቅ ምሥራቅ፣ ሕዝቡ ሌላ የሆነበት ዳርቻ ላይ ተጠግተው አረጁ። ዕድሜያቸው ሲያልቅ አንድ ወጣት መጥቶ አመንኩሱኝ አላቸው። በሥርዓታችን ሰው ለማመንኮስ አምስት መነኮሳት መቆም አለባቸው። እነሱ ደግሞ ሦስት ናቸው።»

«ታዲያ?» አሉ አባባ።

«ሁለት የውጭ አገር መነኮሳት ለመኗቸው። ቋንቋቸው ሌላ፣ አገራቸው ሌላ። መጥተው ቆሙ፤ አምስት ሞላ። ወጣቱ መነኮሰ፤ እሱ ሌሎችን አመነኮሰ። የእኔም አባቶች ሃይማኖት የመጣው በዚያ በኩል ነው።»

አባባ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ውጭ አንድ ሰው በማሽን ቅጠል ይጠርጋል፤ ድምፁ ከሩቅ ይመጣ ነበር።

«የልጅዎ ሠርግ መቼ ነው?» አሉ ፓላ።

«በጥር» አልኩ እኔ።

«እርስዎ የሚቆሙት የት ነው?» ብለው አባባን ጠየቁ። ይህን የአባባን ዓይን ሳላይ ተረጎምኩት።

«በር ላይ» አሉ አባባ።

«እንግዲያው እኔም በር ላይ ከእርስዎ ጋር እቆማለሁ።»

አባባ በመንገድም በቤትም ስለዚህ አላነሡም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

የሠርጋችን ቀን በረዶ ጣለ። የተከራየነው ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ መኪናዎቹ፣ ዛፎቹ ሁሉ ነጭ ሆነው ድምፅ የሚባል ነገር ጠፍቶ ነበር። ካባ ለብሰን ከመኪና ስንወርድ ሁለቱ ሽማግሌዎች በሩ አጠገብ ቆመዋል፤ አባባ ወፍራም ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ፓላ በዚያች በሐር እጀ ጠባባቸውና በስስ ጫማ። ፔማ ኮታቸውን ይዛ ብትለምናቸው እንቢ ብለዋታል። በረዶው ቅንድባቸው ላይ ያርፋል፣ እሳቸው ፈገግ ይላሉ። አባባ መረቁኝ። እኔና ግርማ ገባን፣ በሩ ከኋላችን ተዘጋ።

ቅዳሴው ረዥም ነው። ወደ ኋላ እንዳልዞር ሚዜዬ ደጋግማ አስጠንቅቃኝ ነበር። ካህኑ ጸሎቱን ጨርሰው ዘውዶቹን አነሡ፣ አንዱን በግርማ ራስ ላይ፣ አንዱን በእኔ ራስ ላይ ደፉ። ከባድ ነበር። አንገቴን ለማስተካከል ትንሽ ዘወር ስል አየኋቸው። የመጨረሻው ረድፍ አጠገብ ሁለቱም ቆመዋል። የአባባ ካፖርት ፓላ ትከሻ ላይ ነው። አባባ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘው፣ የካህኑን እጅና የደፉልንን ዘውድ ትኩር ብለው ያያሉ። ዕንባቸውን አልጠረጉም።

ሲያልቅ ሰው ሁሉ እየመጣ ሳመን። ፓላ ነጭ የሐር ሻሽ አንገታችን ላይ አደረጉልን። አባባ መጨረሻ መጡ። አልሳሙኝም። ዘውዱ ገና ራሳችን ላይ ነበርና ዝቅ ብለው እጅ ነሡን፤ ከዚያ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ ጀርባቸውን ሳይሰጡን ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። ቤተ መንግሥት ከንጉሥ ፊት የሚወጣ ሰው እንደዚያ ነበር የሚወጣው። ፓላ አይተዋቸው ምን እንደሆነ ማንም ሳይነግራቸው እሳቸውም ዝቅ ብለው እጅ ነሡና ከጎናቸው ወደ ኋላ ተራመዱ። ሁለት ሽማግሌዎች፣ እኩል እርምጃ፣ እስከ ግድግዳው።

መጽሐፉ ተጠግኖ አልቆ በጨርቁ ተጠቅልሎ ነበር፤ አባባ ግን ፓላ እስኪያርፉ ድረስ ረቡዕ ረቡዕ ወደ አሌክሳንድሪያ መሄዳቸውን አልተዉም። እኔ ሌላ ሥራ ስለያዝኩ ያለ አስተርጓሚ ምን ይነጋገሩ እንደነበር አላውቅም። ቤተ ክርስቲያንም አልፎ አልፎ መሄድ ጀመሩ። ስለ ንጉሡ የነበራቸው አቋም ግን ነቅነቅ አላለም።

እኔም ለብዙ ዓመታት የሦስቱ መነኮሳት ታሪክ አባቴን እንደለወጣቸው አምኜ ኖርኩ። ለልጆቼም እንደዚያ ነበር የማወራው። አባባ በታመሙበት በመጨረሻው ክረምት አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ጠየቅኳቸው።

«አባባ፣ ያን ቀን ምን አስበው ገቡ?»

አስታወሱና በደከመ ድምፅ ሳቁ። «ምን ላስብ ኖሯል? ሽማግሌው በዚያች ስስ ጫማ በረዶ ላይ ቆሙብኝ። ካልገባሁ አይገቡ። የሰው አባት በብርድ ልግደል እንዴ?»

ያኔ ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ትልቅ ነገር ጠብቄ ነበርና። ባለፈው ማክሰኞ ጣቢያው ውስጥ ተቀምጬ ባቡሮቹ ሲመጡና ሲሄዱ ሳይ ግን ቅሬታው የት እንደሄደ አላገኘሁትም። ስለ ዙፋንና ስለ መሠዊያ ያን ሁሉ ረቡዕ ሲከራከሩ አንዳቸውም ሌላውን አላሳመኑም፤ ለመረታት ከሁለቱ አንዳቸውም ፈቃደኛ አልነበሩም። ፓላ ይህን ቀድመው ያወቁ ይመስለኛል። ስለዚህ መከራከራቸውን ትተው መጥተው አባቴ አጠገብ ቆሙ።

ሰዓቴን አየሁ። አሥር ደቂቃ አርፍጄ ነበር። ተነሥቼ ደረጃውን ወረድኩ።